የጽሕፈት ቤታችን ኮምፒዩተር ለምን ደረቀ? ከዚህስ ምን እንማራለን?

ከዚህ በታች የቀረበው በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የዕድሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት፤ የተገኙትም ቤታቸው ባለው ኮምፒዩተር እንዲሠሩበት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።






ዛሬ የምናገረው ስለ ኮምፒዩተር ነው። «እሱ የልጆች ጉዳይ ነው» ብላችሁ የጎን ወሬ እንዳትጀምሩ አደራ። ነገሩ የእያንዳንዳችን ጉዳይ ነው። እንደሚታወቀው በጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ባለችው በዚያች አሮጌ ኮምፒዩተር የሁላችንም ስም አለ። የወር መዋጯችን፤ በዕድሩ የተመዘገቡ ቤተሰቦቻችን፤ የድንኳኑ፣ የአግዳሚ ወንበሩ፣ የብረት ድስቱና የሰሐኑ ቁጥር፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤውም ሁሉ እዚያው ነው። ኀዘን በደረሰ ጊዜ «እገሌ ለማን ተመዝግቧል? ስንት ይከፈለዋል?» ተብሎ የሚታየው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ጥፋት ደርሷል። ጥፋቱም የኮሚቴው፤ በተለይም የእኔ የጸሐፊው ነው። ነገሩን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እኅታችን የባለቤቷ እናት አረፉባት። ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ተሰበሰበ። ገንዘብ ያዡ ክፍያውን ሊያዘጋጅ የቆዩ አባሎችን የቤተሰብ መዝገብ ለመክፈት ቢሞክር መዝገቡ አልከፈት አለ። ማውዙ ላይ ያለችው ክብ ትዞራለች፤ ትዞራለች፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ቢያጠፋው፣ ቢያበራው ያው ነው። «ግድ የለም፤ ባክአፕ አለን» ብለን በየሳምንቱ ዓርብ መጠባበቂያ ቅጂ የምንይዝበትን የውጭ ዲስክ አወጣን። ምን አገኘን መሰላችሁ? በግማሽ የቀረ፤ የማይከፈት ቁራጭ ነገር ብቻ!

በመጨረሻም ያቺ እኅታችን ከኀዘኗ ላይ ተነሥታ፤ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ቤቷ ሄዳ ከሣጥን ውስጥ የዕድር ካርዷን ፈልጋ አመጣች። በካርዱ ላይ የአማቷ ስም በእኛው ማኅተም ተጽፎ ስለተገኘ ተከፈላት። ካርዱ ጠፍቶባት ቢሆንስ? ኀዘንተኛን «ማስረጃሽን አምጪ» ማለት ለዕድራችን ነውር ነው። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩትም ይህ ነውር እንዳይደገም ነው።

ታዲያ ነገሩ እንዴት ሆነ? ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የውጭውን ዲስክ እንሰካና የመጠባበቂያ ፕሮግራሙን እናስነሣለን። ለብዙ ጊዜ በሚገባ ሲሠራ ቆየ። ካለፈው ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ግን 62 በመቶ ላይ ሲደርስ ይደርቃል። እኛስ ምን አደረግን? «ማሽኑ አርጅቷል፤ ስታክ አድርጓል» ብለን ቁልፉን ተጭነን እናጠፋና ወደየቤታችን እንሄዳለን። ለሚቀጥለው ዓርብም ያው። ከዚህም የባሰው፤ ፕሮግራሙ ቦታ እንዲቆጥብ በማለት አዲሱን ቅጂ ሲጀምር የቆየውን እንዲያጠፋ ያስተካከልነው እኛው ነን። ስለዚህ በየሳምንቱ ደኅናውን እያጠፋን ጎዶሎውን ስናስቀምጥ ከርመናል። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባም «መዝገባችን በሚገባ ተጠብቋል» ብዬ ሪፖርት አቅርቤአለሁ። ውሸት ለመናገር ብዬ አልነበረም፤ ግን ከፍቼ አላየሁትም ነበር።

የአንድ አባላችን ልጅ፤ ኮምፒዩተር የተማረ፤ መጥቶ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አብሮኝ ተቀመጠ። ከእርሱ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ቤታችሁም ሆነ በምትሠሩበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ ሁሉ ይጠቅማችኋልና።

አንደኛ፤ ከሁሉ በፊት የማይተካውን በእጅ ማዳን ነው። መጠባበቂያው የደረቀበትን ምክንያት መፈለግ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ቦታ የማይገኙትን ፋይሎች አንድ በአንድ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል። ፎልደሩን ባንድ ጊዜ ብትጎትቱት የተበላሸው ፋይል ላይ ሲደርስ ቀሪውም አብሮ ይቆማል። አንድ በአንድ ሲሆን ግን ደኅናው ይወጣል፤ አልወጣ ያለው ደግሞ ማንነቱ ይታወቃል። እኛ እንዲህ ስናደርግ ሁሉም ወጣ፤ አንዱ ብቻ ቀረ። እሱም ያው የቆዩ አባሎች የቤተሰብ መዝገብ ነበር።

ሁለተኛ፤ ደርቋል ወይስ ዘግይቷል? ይህን መለየት ያሻል። በኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ የዲስክ መብራት ተመልከቱ። ብልጭ ድርግም ካለች ገና እየሠራ ሊሆን ይችላል። የደረሰበትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ፍጥነቱም እንደ መሰኪያው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የዩ ኤስ ቢ መሰኪያ በሰከንድ 12 ሜጋ ቢት ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ይህም በተግባር ወደ አንድ ሜጋ ባይት ገደማ ነው። በዚህ ዓይነት 20 ጊጋ ባይት ለመገልበጥ ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሁለተኛው ዓይነት፤ ዩ ኤስ ቢ 2 የሚባለው፤ በወረቀት ላይ 480 ሜጋ ቢት ነው። በተግባር በሰከንድ 30 ሜጋ ባይት ያህል ቢሄድ ያንኑ ሥራ በ11 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ትንንሽ ፋይሎች ሲበዙ ግን ይዘገያል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ «ደረቀ» የምንለው የቀርፋፋ መሰኪያ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛ፤ የሚቆመው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ ቦታው ይለዋወጣል? ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ቀን 20፣ ሌላ ቀን 75፣ ሌላ ቀን 40 በመቶ ላይ ከሆነ ኬብሉን፤ መሰኪያውን፤ የኤሌክትሪኩን ኃይል፤ ሙቀቱንና የማሽኑን ሜሞሪ ጠርጥሩ። ኬብል ለውጡ፤ የውጭውን ዲስክ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ባለው መሰኪያ ሰኩት፤ ማሽኑን አጥፍታችሁ ከነቀላችሁ በኋላ አቧራውን አራግፉ። ኮምፒዩተሩ በራሱ ጊዜ እንቅልፍ እንዳይወስደውም ማስተካከያውን ተመልከቱ፤ ባክአፕ እየያዘ እንቅልፍ የሚወስደው ብዙ ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ነገሩ አንድ ፋይል ወይም አንድ የዲስክ ቦታ ነው። የእኛው ሁልጊዜ 62 ነበረ። ማሽኑ እኮ በየሳምንቱ «እዚህ ጋ ተበላሽቻለሁ» እያለ ይነግረን ነበር፤ የሰማው ሰው ጠፋ እንጂ።

አራተኛ፤ የሚቀበለው ዲስክ ቦታ አለው ወይ? ሞልቶ እንደሆነ ፕሮግራሙ በግልጽ ሳይናገር ሊቆም ይችላል። በተጨማሪም ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ 4 ጊጋ ባይት የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። የመጠባበቂያ ፕሮግራሙ ሁሉንም ባንድ ትልቅ ፋይል የሚጠቀልል ከሆነ ልክ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። መፍትሔው ዲስኩን ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ወደሚባለው አሠራር መለወጥ ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ! ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ሳትገለብጡ እንዳትነኩት።

አምስተኛ፤ ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል ወይ? የሒሳብ መዝገቡ ተከፍቶ ሳለ መጠባበቂያ መያዝ አንዱ የመቆም ምክንያት ነው። ዊንዶውስ የተከፈተ ፋይልን ለመገልበጥ የሚረዳ አገልግሎት በውስጡ አለው፤ ለዚያ ግን በራሱ በዲስኩ ላይ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ዲስኩ ጢም ካለ አይሠራም። ሁለት አንቲቫይረስ ባንድ ማሽን ላይ መጫንም እርስ በርሳቸው ያጣላቸዋል፤ አንዱን አስወግዱ። ሁለቱንም ማጥፋት ግን አይሆንም።

ስድስተኛ፤ በየትኛው ፋይል ላይ እንደቆመ በዓይን ማየት ይቻላል። በዊንዶውስ 7 ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች ባንድነት ስትጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ይከፈታል። በዚያ ውስጥ ፐርፎርማንስ ከሚለው ሥር ሪሶርስ ሞኒተር የሚል አለ። እርሱን ከፍታችሁ ዲስክ የሚለውን ብትጫኑ በዚያች ደቂቃ የሚነበበውን ፋይል ስሙን ያሳያችኋል። እኛ 62 ላይ ሲቆም ይህን ብናይ አንድ ስም ብቻ ተገትሮ አገኘን፤ የቤተሰብ መዝገቡ! ከዚያም ኢቨንት ቪውወር የሚባለውን የማሽኑን የውሎ መዝገብ ከፈትን። ሲስተም በሚለው ክፍል ምንጩ ዲስክ የሆነ፤ ቁጥር 7 የሆነ ማስጠንቀቂያ ተደርድሯል። ቁጥር 7 ማለት በዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ አለ ማለት ነው። ቁጥር 11 ቢሆን ኖሮ ከኬብሉ ወይም ከመቆጣጠሪያው ነበር የምንጀምረው። ቀኖቹን ብናያቸው አብዛኞቹ ዓርብ ዓርብ ናቸው።

እዚህ ላይ «የተበላሸው አንድ ቦታ ከሆነ ለምን ማሽኑ ሁሉ ይደርቃል?» የሚል ይኖራል። ምክንያቱ ይህ ነው። ዲስኩ አንድ ቦታ ማንበብ ሲያቅተው «አልቻልኩም» ብሎ ቶሎ አይተውም፤ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል። እርሱ እስኪመልስ ፕሮግራሙ ይጠብቃል፤ ዊንዶውስም አብሮ ይጠብቃል። አንዳንድ የመገልበጫ ፕሮግራሞች ደግሞ በራሳቸው ላይ ተጨማሪ ትዕግሥት አላቸው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ሮቦኮፒ የሚባለው መገልበጫ ካልተነገረው በስተቀር አንድ እንቢ ያለ ፋይል ላይ 1,000,000 ጊዜ ይሞክራል፤ በየመካከሉም 30 ሰከንድ ያርፋል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ካልኩሌተር አንሥቼ አሰላሁት፤ 347 ቀን ይመጣል! ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። እና እኛ ግማሽ ሰዓት ጠብቀን «ደረቀ» እንላለን። ሮቦኮፒ የምትጠቀሙ ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሞክሮ እንዲያልፍና ያለፈውን ፋይል ስም በመዝገብ እንዲጽፍ እዘዙት።

ሌላም አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ የቤተሰብ መዝገብ የቆየ በመሆኑ ለወራት የከፈተው ሰው አልነበረም። መበላሸቱን ማንም አላወቀም። የመጠባበቂያ ፕሮግራሙ ግን ሁሉንም ፋይል ስለሚነካ ከሁላችን ቀድሞ አገኘው። ስለዚህ ባክአፕ ሲደርቅ ፕሮግራሙን ብቻ መውቀስ ልክ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የዲስክን መታመም ቀድሞ የሚናገረው እርሱ ነው።

ሰባተኛ፤ ዲስኩን መመርመር ነው። በዊንዶውስ 7 ላይ ዲስኩን በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ቱልስ፣ ከዚያም ቼክ ናው የሚለውን ስትጫኑ ምርመራው ይታዘዛል፤ ማሽኑ ሲነሣም ይጀምራል። ረዥም ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ጧት መጀመር ነው፤ መብራት በመሐል እንዳይሄድም ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህ ሰባተኛ እንጂ አንደኛ ያልሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የታመመን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ገልብጡ፤ ከዚያ መርምሩ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ጨርሶ አትመርምሩት፤ አጥፍታችሁ ለባለሙያ ስጡ።

ከዚህ በኋላ የተደረገውን ባጭሩ ልግለጽ። የተበላሸውን መዝገብ ከዲስኩ ላይ ማውጣት አልተቻለም። ነገር ግን ከቁም ሣጥኑ ውስጥ፤ ከደረሰኝ ጥራዞች ሥር፤ በ2011 ዓ.ም. የተቀዳ አንድ ሲዲ ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው እንኳ አላስታወስነውም። አስገብተን ስናየው መዝገቡ በዚያ ዓመት እንደነበረው ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተጨመሩትንና የተቀነሱትን ደግሞ እናንተው ፈርማችሁ ከሞላችኋቸው ቅጾች ላይ እያየን መልሰን ጻፍናቸው። ቅጾቹ በቦክስ ፋይል ተይዘው ነበርና ወረቀት አዳነን። የኮምፒዩተሩ ዲስክ ተለውጧል፤ ማሽኑን መለወጥ አላስፈለገም። ዊንዶውስ 7 አምራቹ ለተራው ተጠቃሚ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመበት በጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ስለሆነ ግን ይህችን ኮምፒዩተር ከእንግዲህ ከኢንተርኔት ጋር አናገናኛትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተከፍቶ ያልታየ መጠባበቂያ መጠባበቂያ አይደለም። ዓርብ ዓርብ ዲስክ መሰካታችን ልባችንን አሳረፈው እንጂ መዝገባችንን አልጠበቀውም። ገበሬ እንኳ የዘር እህሉን ከሚበላው ለይቶ ያስቀምጣል፤ አስቀምጦም አይተወውም፤ ነቀዝ እንዳይገባው እየከፈተ ያየዋል። እኛ ግን ሳናየው ከረምን።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል፤

1ኛ/ የመዝገቡ ቅጂ ሦስት ይሆናል። አንዱ በኮምፒዩተሩ ላይ፤ ሁለቱ በሁለት የውጭ ዲስኮች ላይ። ዲስኮቹ በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ፤ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ ሲቆይ ሌላው ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይቀመጣል። እሳት ወይም ሌባ ቢመጣ ሁሉን ባንድ ጊዜ እንዳይወስደው ነው።

2ኛ/ አዲሱ ቅጂ በሙሉ አልቆ ተከፍቶ ሳይታይ የቆየው አይጠፋም።

3ኛ/ ሥራው ሲያልቅ ዲስኩ ይነቀላል። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቫይረስ ቢገባ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይበላሻል።

4ኛ/ በየሦስት ወሩ ሦስት ፋይሎች በዕጣ ተመርጠው ከውጭው ዲስክ ላይ በሌላ ኮምፒዩተር ይከፈታሉ። መከፈታቸውን የሚያዩት ጸሐፊው ሳይሆን ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሁለት አባሎች ናቸው፤ ፈርመውም በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። እኔን «አለ» ስላልኩ ብቻ እንዳታምኑኝ።

5ኛ/ ፕሮግራሙ ከደረቀ ቀኑ፤ የቆመበት ቁጥርና የፋይሉ ስም በደብተር ይጻፋል። ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት አንድ ቁጥር ላይ ከቆመ በሦስተኛው አይጠበቅም፤ ለሊቀ መንበሩ ይነገራል።

ከእናንተ የምንጠይቀውም አለ። አንደኛ፤ የቤተሰብ መዝገቡ በወረቀት ታትሞ በጽሕፈት ቤቱ ይገኛል። እያንዳንዱ አባል ካርዱን ይዞ መጥቶ ያመሳክር። የሰው እጅ የጻፈው ነውና የተሳሳተ ስም፤ የተዘለለ ሰው ሊኖር ይችላል። ሁለተኛ፤ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ የሚቀመጠውን ዲስክ በቤታቸው የሚያኖሩ፤ እምነት የሚጣልባቸው ሁለት ሰዎች ይህ ስብሰባ ይምረጥልን። በውስጡ የሁላችን ጉዳይ ስላለ በይለፍ ቃል ይቆለፋል፤ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ከሊቀ መንበሩ ዘንድ ይቀመጣል። ሦስተኛ፤ ካርዳችሁን አትጣሉ። ኮምፒዩተር አለ ተብሎ ወረቀት አይናቅም፤ ዘንድሮ ያዳነን ወረቀት ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። እኛ ጥቂት ከተቃጠለ በኋላ ነው የነቃነው። ያቺን እኅታችንን ኮሚቴው ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋታል፤ ዛሬም በእናንተ ፊት ደግሜ እጠይቃታለሁ። ከእንግዲህ ወዲያ በዚህ ሰፈር ኀዘን የደረሰበት ሰው ኀዘኑን ትቶ ማስረጃ ፍለጋ እንዳይነሣ፤ መዝገቡን የመጠበቅ ኃላፊነት የእኛ ነው።

ጥያቄ ያለው ቢጠይቅ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።